የወሩ አርአያ ተንፋሽ

ነጃት ይመር በተወለደች በዘጠነኛው ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ለዐሥራ አንድ ሰከንድ ትንፋሿን ቆም አደረገች። ምንም አልሆነችም። ጠግቦ የተኛ አራስ ልጅ እንዲህ ያደርጋል፤ ቶሎ ቶሎ ይተነፍስና ትንሽ ያርፋል፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ሕጉ ግን ከዐሥር ሰከንድ አይለፍ ይላል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ውስጥ በቦርከና ዳር የትንፋሽ እድር ሥር ያሉት የስልሳ ሦስት ቤቶች ግድግዳ በአንድ ጊዜ ቀላ፣ ጡሩንባው ተነፋ፣ ሰውም በእጁ የያዘውን እንደያዘ ወደ እነነጃት ቤት ሮጠ።

እናትየዋ ሩቂያ የሽንት ጨርቅ እያጠፈች ነበር። ግድግዳ ሲቀላ በር በራሱ ስለሚከፈት ማንኳኳት የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ ግማሹ አረፋ የሆነ ጎረቤት ገባ። ቀጥለው ላባዋ ተነጭቶ ያላለቀ ዶሮ የያዙ ሁለት ሴቶች ገቡ። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ አሊጋዝ አንድ እግራቸውን ጫማ፣ ሌላውን ካልሲ ብቻ አድርገው ደረሱ። ነጃት በጫጫታው ነቃችና አለቀሰች፤ ግድግዳው አረንጓዴ ሆነ፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እያንዳንዱ በተራው ሩቂያን ስሞ “እንኳን ተነፈሰችልሽ” እያለ፣ ቤት ያፈራውን ቀማምሶ ሄደ። ዶሮዋን ረስተዋት ነበርና አባትየው ይመር ሲመሽ ሊመልስላቸው ወጣ።

ዘመኑ 2081 ዓ.ም. ነው። የዱሮ ሰው እድር የሚገባው ለቀብር ነበር ይባላል። ፋብሪካዎቹ እየተበራከቱ ተራራውን ይዘው ሲወጡ የከተማው አየር ወፈረ፣ የሚያስሉ ሕፃናትም በዙ። ያኔ በአንድ የእድር ስብሰባ ላይ አንዲት ሴት ተነሥታ፣ ትንፋሽ ከቆመ በኋላ ከምንሰበሰብ ሳይቆም ብንሰበሰብ ምናለበት አለች። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ አሁንም ክፉ ነው የሚል የለም። ከዚያ ወዲህ የሚወለድ ልጅ ሁሉ ደረቱ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል መለኪያ ይለጠፍበታል፣ መለኪያዋም በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደተነፈሰ ለእድርተኛው ሁሉ ትናገራለች። ቁጥሩ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ከሰዓቱ ጎን ይነበባል። መንገድ ላይ የተገናኘ ሰው እንዴት አደራችሁ ከማለቱ በፊት “ስንት ናት?” ይላል።

ልጅ ሲያስነጥስ ደግሞ ስልሳ ሦስቱም ግድግዳዎች በአንድ ድምፅ “ይማርሽ” ይላሉ። ነጃት እንደማንኛውም አራስ አፍንጫዋን የምታጸዳው በማስነጠስ ነውና በቀን ሠላሳ ጊዜ ታስነጥስ ነበር፤ ሰፈሩ ቀኑን ሙሉ ሲመርቃት ይውላል። ስቅ ሲላት ሦስት ሴቶች መጥተው እንጥሏ ወርዷል ብለው ይማከራሉ። ፊቷ ላይ ሽፍ ሲልባት አንዱ የእናቷን ምግብ፣ ሌላው የአባቷን ሳሙና ይጠረጥራል። አፍንጫዋ ተደፍኖ ስታኮራፋ ከማዶ ሰፈር ሳይቀር ስልክ ይደወላል። ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል የማትደነግጠው እትዬ አስካለ ብቻ ነበረች። ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ልጅ ያስነጥሳል፣ ልጅ ስቅ ይለዋል፣ ተዉአት ትላለች፤ የሚሰማት ግን አልነበረም።

ጣጣው ያለው ሦስተኛው ቀይ ላይ ነው። በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ያቀላ ልጅ ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ወዳለው የንጹሕ አየር ቤት ተወስዶ ስድስት ወር ይቀመጣል። እናትየው ቅዳሜ ቅዳሜ በመስታወት ታየዋለች፣ ጡቷን አልባ ትልካለች፣ ወተቱም በቱቦ ይደርሰዋል። ልጆቹ እዚያ ይወፍራሉ፤ ይህ አይካድም። የሩቂያ የጎን ጎረቤት ልጅ ባለፈው ዓመት ከዚያ ሲመለስ ጉንጩ እንደ ዳቦ ነፍቶ ነበር። እናቱ ስታቅፈው ግን ይጮኻል፣ የመስኮት መስታወት ባየ ቁጥር ደግሞ እጁን ዘርግቶ ይስቃል። ሩቂያ ይህን ካየች ጀምሮ ያ መስታወት በሕልሟ ይመጣባት ነበር።

ሁለተኛው ቀይ የመጣው በይመር ነው። ይመር የጣሪያ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ አጣቢ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ለጣሪያ ሲዘዋወር ይውላል፣ ማታ ልጁን ማጠብም የእሱ ሥራ ነው። አንድ ቀን መለኪያዋ እንዳትርስ ብሎ አነሣና ሳሙና ማስቀመጫው ላይ አኖራት። ሳሙና አይተነፍስም። ይመር እጁ ላይ አረፋ፣ ክንዱ ላይ ራቁቷን የምትንፈራገጥ ልጅ ይዞ ሲዞር መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ አርባ ሰው ቆሟል። ጋሽ አሊጋዝ በደንቡ መሠረት ሁለተኛውን ቀይ መዘገቡና፣ እንግዲህ አንድ ቀርቷችኋል፣ ጠንቀቅ በሉ ልጆቼ ብለው በሐዘን ወጡ።

ከዚያ በኋላ ሩቂያ እንቅልፍ አጣች። የእሷ እንጀራ ይቅርታ መጠየቅ ነው፤ ሾፌር የሌላቸው አውቶቡሶች ሲዘገዩ ወይም መንገድ ሲስቱ መናኸሪያው ውስጥ ቆማ፣ ሰው ስለሆነች ብቻ፣ ለተሳፋሪው ይቅርታ ትላለች። በሥራዋ ስድብ ለምዳለች፣ ቀዝቀዝ ያለች ሴት ናት። አሁን ግን ነጃት በተኛች ቁጥር አጠገቧ ተንበርክካ ሰከንድ ትቆጥራለች። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ሲሆን እግሯን ትኮረኩራታለች። ልጅቱ ትነቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ሰፈሩ አረንጓዴ ያያል፣ እናትና ልጅ ግን ዐይናቸው ቀልቶ ያነጋሉ።

ያዳነቻቸው ውሮ ናት። ውሮ የቤቱ ድመት ናት፤ ወፍራም፣ ነጭና ቡኒ፣ ሥራ የሚባል የማታውቅ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሩቂያ ከልጇ ጋር ሳታስበው እንቅልፍ ጣላትና ሁለት ሰዓት ያህል ቆይታ ስትነቃ የነጃት መለኪያ ደረቷ ላይ የለችም። ጡሩንባ ግን አልተነፋም፤ ግድግዳው ላይ “ሠላሳ ስድስት” የሚል የሚያምር አረንጓዴ ቁጥር ተጽፏል። ፍራሹን ገልብጣ፣ ብርድ ልብሱን አራግፋ ስትፈልግ ውሮ እግርጌ ተጠቅልላ ተኝታለች፣ መለኪያዋም ሆዷ ሥር ተጣብቃለች። ሩቂያ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ከዚያ አፏን በትራስ አፍና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ይመር ሲመጣ ነገሩን በጆሮው ነገረችው፤ ግድግዳ ይሰማ ይሆናል ብላ ነው። እሱ ነውር ነው አለ፤ ቀጥሎ አደገኛ ነው አለ፤ ቀጥሎ ደግሞ ድመቷን አየት አደረገና መላጫውን አመጣ። ከውሮ ደረት ላይ የእንቁላል ያህል ቦታ ላጩ፣ መለኪያዋን ለጠፉ፣ ከላይ ነጃትን የጠበባትን ሹራብ አለበሷት። ውሮ ጥቂት ተቆጣች። በቀን ሁለት ጊዜ ሥጋ እንደሚሰጣት ስታውቅ ግን ሥራውን ወደደችው።

እነሆ ከዚያ ቀን ጀምሮ የቦርከና ዳር እድር እፎይ አለ። ነጃትም እንደልቧ አስነጠሰች፣ እንደልቧ ስቅ አላት፣ ሲያሻት ለዘጠኝ ሰከንድ ሲያሻት ለዐሥራ አንድ ትንፋሿን አሳረፈች፤ ማንም ሳይመርቃት፣ ማንም ጫማውን ሳያወልቅ ዘሎ ሳይገባ። ሩቂያ በልቧ ጥፋተኛነት ይሰማት ነበር፣ ግን በዚያ ሰሞን እንደ እሷ የተደሰተ ሰው በከተማው አልነበረም። እየዘፈነች ልብስ ታጥባለች። ይመር ጣሪያ ላይ ሆኖ ያፏጫል።

ደስታቸው ግን ከመጠን አለፈ፣ ውሮ ጎበዝ ተንፋሽ ሆና ተገኘች። የከተማው የሕፃናት ትንፋሽ ጽሕፈት ቤት በየወሩ በሚያወጣው ዘገባ፣ ሕፃን ነጃት ይመር ያለ አንድ እንከን ሦስት ሳምንት መተንፈሷን አመሰገነ። ሕፃኗ ሥጋ ቤቱ በሚከፈትበት ሰዓት እንደምትነቃቃ፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ደረቷ ውስጥ ከዚህ በፊት ተመዝግቦ የማያውቅ እንደ ወፍጮ ያለ የደስታ ድምፅ እንደሚሰማ ጨምሮ ገለጸ። ባለሙያዎቹ ድምፁን አጥንተው የጥሩ አስተዳደግ ምልክት ነው ብለው ደመደሙ። በመጨረሻም የወሩ አርአያ ተንፋሽ ተብላ ተመረጠች፤ ሽልማቱ እሑድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በእድሩ አዳራሽ እንዲሰጥ ተወሰነ። ጋሽ አሊጋዝ በደስታ ሁለት ጫማ አድርገው መጥተው አበሠሩ።

ሩቂያ ዐርብ ዕለት ነጃት ጉንፋን እንደያዛት አየች። ሰባት ሳምንቷ ነው። አፍንጫዋ ተደፈነ፣ ቀለል ያለ ሳልም አላት። እትዬ አስካለ በአጥር ላይ ሆና፣ ለብ ያለ የጨው ውኃ ጠብታ አድርጊበት፣ ቶሎ ቶሎ ጥቂት ጥቂት አጥቢያት፣ ጡት ከተወች ግን ጥሪኝ ብላ ነግራት ነበር። ቅዳሜ ደህና ዋለች። እሑድ ጠዋትም ትንሽ ጠባች። ሩቂያ ከሽልማቱ መቅረት ፈለገች፣ ነገር ግን ተሸላሚዋ ካልመጣች ሰው ቤት ድረስ ይመጣል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ሹራብ የለበሰች ድመት አለች። ውሮን ከወተቷ ጋር ክፍል ውስጥ ዘግተውባት ሄዱ።

አዳራሹ ከቤታቸው ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ግቢው ውስጥ የጽሕፈት ቤቱ ነጭ የትንፋሽ መኪና ቆማለች፤ ኦክስጅኑም፣ የሕፃናቱ ጭንብልም፣ አልጋውም ውስጧ ነው፤ ሾፌር የላትም። አዳራሹ ውስጥ ትልቅ ሰሌዳ ላይ የነጃት ቁጥር በቀጥታ ይታያል። ሠላሳ አራት። ሰው ቁጥሩን እያየ በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል፤ ሩቂያ ደረት ላይ ወዳለችው ልጅ ግን ያየ አልነበረም። ከጽሕፈት ቤቱ የመጣችው ወይዘሪት ናርዶስ፣ ሽልማቱን የያዘች ቀጭን ወጣት ሴት፣ እሷም ንግግሯን ያደረገችው ወደ ሰሌዳው ዞራ ነው።

በንግግሩ መካከል ሩቂያ ጡቷን ሰጠቻት። ነጃት ይዛ ለቀቀች። ደግማ ሰጠቻት፤ ፊቷን አዞረች። አፍንጫዋ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይሰፋል። ሩቂያ ልብሷን ገለጥ አድርጋ ስታይ ከጎድኗ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ስርጉድ፣ ስርጉድ ይላል፤ በየመሐሉም እም፣ እም የምትል ትንሽ የማቃሰት ድምፅ አለች። ይመርን በክርኗ ነካችው፤ አየና ከንፈሩ ነጣ።

ከተናገረች የሚሆነውን ታውቃለች። ማጭበርበር ከሦስት ቀይ አይሻልም፤ ልጇን ወደ ተራራው ይወስዱባታል። ዝም ካለች የሚሆነውን ደግሞ ዐይኗ እያየ ነው። ብዙ አላሰበችም፤ ናርዶስ “አርአያ” የሚለውን ቃል ለአራተኛ ጊዜ ስትናገር ሩቂያ ብድግ አለች።

“ይቅርታ እጠይቃለሁ” አለች፣ በሥራዋ የለመደችው አጀማመር ነውና። “ያ ቁጥር የልጄ አይደለም። የድመታችን ነው። ልጄ መተንፈስ አቅቷታል።”

አዳራሹ ሳቀ። ጋሽ አሊጋዝ አራስ ናት፣ ድካም ነው ብለው ለናርዶስ አስረዱ። ናርዶስ በትሕትና ፈገግ ብላ ወደ ሰሌዳው አመለከተች፤ ሠላሳ አራት። ልጅዎ ደህና ነች፣ እንዲያውም ከደህናም በላይ ነች አለች። ሩቂያ ልጅቷን ወደ ፊቷ አቅርባ እዪያት አለቻት። ናርዶስ አየቻት፤ ግን ምን እንደምታይ አላወቀችም። ስድስት ዓመት በሕፃናት ትንፋሽ ላይ ስትሠራ ሕፃን ሲተነፍስ አይታ አታውቅም፣ ያየችው ቁጥር ነው።

እትዬ አስካለ ከኋላ ወንበር ተነሥታ መጣች። ማንንም ሳታስፈቅድ የልጅቷን ልብስ እስከ አንገቷ ገለጠችና የእጅ ሰዓቷን አወጣች። “አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝም በሉልኝ” አለች። “በሰዓት ነው የምቆጥረው።”

ስልሳ ሦስት ቤት ሰው ዝም አለ። ሰው በቁጥር ሳይሆን በሆድ ትንፋሽ ሲያይ ለብዙዎቹ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ያቺ ትንሽ ሆድ ከፍ ዝቅ ስትል አንገታቸውን ሰግገው ተከተሏት፣ ግማሾቹም ሳያውቁት አብረው መቁጠር ጀመሩ። ደቂቃው ሲያልቅ እትዬ አስካለ ሰባ ሁለት አለች። ሰሌዳው ሠላሳ አራት ይላል። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

እትዬ አስካለ፣ ጡት ትታለች፣ ጎድኗ እየገባ ነው፣ አሁኑኑ ኦክስጅን ያስፈልጋታል፣ ከዚያ ሆስፒታል አለች። ኦክስጅኑ ግቢው ውስጥ ሃያ እርምጃ ላይ ነው። ሁሉም ወደ መኪናዋ ሮጡ። መኪናዋ ግን አልተከፈተችም፤ መኪናዋ የምትከፈተው ለቀይ ብቻ ነው። ናርዶስ መታወቂያዋን አሳየቻት፣ ስሟን ነገረቻት፣ በመጨረሻም በጫማዋ መታቻት። መኪናዋ የተሠራችው ሰው ይሳሳታል ተብሎ ስለሆነ ሰው አታምንም፤ በለዘበ ድምፅ፣ ሕፃን ነጃት ጤናማ ነች፣ እንኳን ደስ ያላችሁ አለች። ለሆስፒታሉ አምቡላንስ ሲደወልም ያው መልስ መጣ።

“መለኪያዋን አምጧት” አለች ሩቂያ። “ልጄ ላይ ልለጥፍና የራሷ ቁጥር ይክፈተው።”

ይመር መንገዱን በሁለት ዝላይ ተሻገረ፣ እድሩም በሙሉ ተከተለው። ስህተታቸው እዚህ ላይ ነው፤ እድር ተጠርቶ በከፊል መሄድ አያውቅም። ሰባ ሰው አንድ በር ላይ ሲደርስ ውሮ ከወተቷ ቀና አለች፣ ያየችውንም አላመነችም። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ እንዲሉ፣ ሦስት ሳምንት ሹራብ ለብሳ እንደ ሕፃን የኖረችው ድመት በአንድ ጊዜ ድመት ሆነች፤ በይመር ትከሻ፣ በአንዱ ጎረቤት መላጣ ላይ ተረማምዳ በመስኮት ወጣችና ጣሪያ ላይ ሰፈረች።

ሩቂያ ከመኪናዋ አጠገብ ሆና ታያለች። ነጃትን ቀጥ አድርጋ ይዛታለች፣ እትዬ አስካለ አፍንጫዋን ታጸዳላታለች። ፊት ለፊት ጣሪያው ላይ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ ነገር ይሮጣል፤ ይመር የፀሐይ ሰሌዳዎቹን እየዘለለ ይከተላል፤ ከሥር ሰው “በግራ፣ በግራ” እያለ ይጎርፋል። የልጇ ከንፈር ሰማያዊ ማለት ጀምሯል። እንዲህ ፈርታ አታውቅም፣ እንዲህ የሚያስቅ ነገርም አይታ አታውቅም።

አዳራሹ በር ላይ የቆመችው ናርዶስ ድንገት ሰሌዳው ላይ ያለውን ትጣራ ጀመር። አርባ ስምንት። ስልሳ አንድ። ሰባ ካለፈ ቀይ ነው። ሰባ አራት። ዘጠና። መቶ ዐሥራ ስምንት። ጡሩንባው ተነፋ፣ ግድግዳው ሁሉ ቀላ፣ የመኪናዋም በር ወለል ብሎ ተከፈተ። “አይዟችሁ፣ ደርሰናል” አለች መኪናዋ።

እትዬ አስካለ ጭንብሉን ልጅቷ ፊት ላይ አደረገች፣ ሩቂያ አቅፋት ተቀመጠች፣ ናርዶስም ገባች፣ መኪናዋ ወደ ሆስፒታል ተነሣች። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የነጃት ከንፈር መቅላት ጀመረ። ሩቂያ እንባዋ እየወረደ አላህን ስታመሰግን፣ ኦክስጅኑ ጭጭ አለና መኪናዋ ፍጥነቷን ቀነሰች። ስልሳ ስምንት፤ እንኳን ደስ ያላችሁ አለች። ውሮ የሆነ ቦታ አርፋለች ማለት ነው።

ሩቂያ ይመር ጋ ደወለች። ይመር እያለከለከ፣ አግኝተናታል አለ፣ ሥጋ ቤቱ ጣሪያ ላይ ጥግ ይዘናታል፣ ቀስ ብዬ ልይዛት ነው።

“እንዳትይዛት” አለችው። “አባሯት። ሆስፒታል እስክንደርስ እንዳታርፍ።”

ከዚያ በስልኩ ውስጥ የጋሽ አሊጋዝ ድምፅ ተሰማ፤ እድር ከመቶ ዓመት በላይ በሚያውቀው ሥራ ላይ ተሰማርቷል፣ ሰው በተራ ማሰለፍ። የላይኛው መንደር የመጀመሪያውን ሦስት ደቂቃ ያባርራል፣ ሲደክመው ወፍጮ ቤቱ አካባቢ ያሉት ይቀበላሉ፣ ሴቶቹ በቦርከና ድልድይ በኩል ይጠብቃሉ፤ ማንም እንዳይነካት፣ ማንም እንዳያሳርፋት። ቁጥሩ መቶ ሠላሳ ገባ። ኦክስጅኑ ተመልሶ መጣ። መኪናዋ በከተማው መካከል እንደ ንፋስ ስትከንፍ ሩቂያ በመስኮት በኩል በየጎዳናው የሚሮጥ ሰው ታያለች፤ ከረባት ያደረገ፣ ነጠላ ያደገደገ፣ የሽልማቱን አበባ ገና ያልጣለ። ከፊታቸው የምትሮጠው ደግሞ የከተማዋ አርአያ ተንፋሽ ናት። እትዬ አስካለ ጭንብሉን እንደያዘች ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሩቂያ እያለቀሰች ነው ብላ ስታያት በሳቅ ነው። ከዚያ ሦስቱም ሴቶች፣ ናርዶስ ጭምር፣ እስኪያማቸው ሳቁ፣ ነጃትም በጭንብሉ ውስጥ ሆና በትልልቅ ዐይኖቿ ተራ በተራ አየቻቸው።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያገኙት ሽማግሌ ሐኪም ስለ መለኪያ አልጠየቀም። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ የነጃትን ደረት አዳመጠ፤ ጉንፋኑ ወርዶ ትንንሾቹን የሳንባ ቧንቧዎች አሳብጧቸዋል አለ፣ በዚህ ዕድሜ ያጋጥማል፣ በጊዜ አመጣችኋት። ኦክስጅኑን ከግድግዳው ላይ አደረገላት፣ ጥቂት ጥቂት ወተትም በቀጭን ቱቦ ሰጧት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነጃት ጡቷን ራሷ ፈልጋ ያዘች፣ በኃይል እየሳበችም ጠባች። ሩቂያ ከሕይወትሽ ሁሉ አንድ ደቂቃ ምረጪ ብትባል ያችን ትመርጣለች።

የዚያኑ ቀን ከምሳ በፊት ናርዶስ ወረቀት ይዛ መጣች። ሩቂያ ስታያት ልጇን ጠበቅ አደረገች። ናርዶስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሦስተኛው ቀይ ተመዝግቧል፣ ይህን መለወጥ አልችልም አለች። የንጹሕ አየር ቤቱ መኪና እሑድ ማታ መጥቷል፤ እሱም ሰው ስለማያምን ማንንም አልጠየቀም፣ ልክ መለኪያዋ ወዳለችበት ሄደ። መለኪያዋ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ደክሟት ተኝታ ነበር። መኪናው አልጋውን አውጥቶ አስተኛት፣ ብርድ ልብስ አለበሳት፣ ይዟት ወደ ተራራው ወጣ። እዚያ ያሉት ማሽኖች ከሁለት ቀን ጀምሮ ስለ ሕፃን ነጃት ይመር መልካም መልካም ነገር እየላኩ ነው።

“ሕጉ መለኪያውን የለበሰችው ትወሰድ ነው የሚለው” አለች ናርዶስ ዐይኗን ወረቀቱ ላይ እንደተከለች። “ተወስዳለች። እኔ ስህተት ነው ብዬ ከጻፍኩ ግን ያስተካክሉታል።”

ውሮ አሳዘነቻት፤ ስድስት ወር ምን ልትበላ ነው ብላ ጠየቀች። ወተት አለች ናርዶስ፣ በቱቦ፣ የፈለገችውን ያህል፤ ክፍሉም ይሞቃል። ወተትማ ትወዳለች አለች ሩቂያ። ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች። “ልጄን ለስድስት ወር በፈቃዴ አስረክቤያለሁ” ይላል። እጇ ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። ውሸት መሆኑን እያወቀች እንኳ ዐረፍተ ነገሩ አስፈራት፤ ከእሷ በፊት እውነት ሆኖባቸው የፈረሙትን እናቶች አሰበች፣ የጎን ጎረቤቷን አሰበች። ከዚያ ፈረመች።

ናርዶስ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ግን አልሄደችም። ነጃት ጠግባ፣ አፏን ከፍታ፣ ሩቂያ ጭን ላይ ተኝታለች፤ ደረቷ ላይ ምንም የለም፣ እዚህ ክፍል ግድግዳ ላይም ምንም አይጻፍም። ሩቂያ መዳፏን ትንሿ ሆድ ላይ አሳርፋ በልቧ መቁጠር ጀመረች፣ ደቂቃውን እትዬ አስካለ ትታላት በሄደችው የእጅ ሰዓት ጨረሰች። አርባ አራት። ናርዶስ አንገቷን ሰገግ አድርጋ፣ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ ስንት ናት ብላ ጠየቀቻት።

“ደህና ናት” አለች ሩቂያ።